አልጋው መስኮቱ ጋ ነው

ቅዳሜ ነው፤ መሐል ሜዳ፣ ገበያው ተበትኗል፤
ብርዱ እንደ አራጣ አበዳሪ በር በሩን ይዟል።
ሃምሳ ሳንቲም ከፍለን፣ መዳፋችን ላይ በእስክሪብቶ
ጭረት ተደርጎልን
(ሐረገወይን ናት በር ላይ፤ ሰው አይሾልካትም ከቶ)
ገባን።

አግዳሚው ባሕር ዛፍ ነው፤ ያልተላገ፣ ልብስ የሚይዝ፤
ጄኔሬተሩ ከጓሮ ያስላል፤ የናፍታው ሽታ የሚያፈዝዝ።
«ካራቴ ነው?» አለ አንዱ። «አይደለም።» «ታዲያ ጦርነት?»
«የኮሌጅ ልጆች ናቸው፤ የድሮ ፊልም፤ የሳቅ ዓይነት፤»
አለ እንግዳሰው።

እንግዳሰው ተርጓሚያችን፣ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቋሚ፣
ባናውን ተከናንቦ፣ በሸምበቆ ዘንግ ጠቋሚ።
በዓመቱ ከዩኒቨርሲቲ መመለሱን አገር ያውቃል፤
ለምን እንደተመለሰ ግን ማን ደፍሮ ይጠይቃል?

ተጀመረ።
አንዱ የዐይኑ ቆብ ላይ ዐይን ስሎ ክፍል ውስጥ እንቅልፉን ይለጥጣል፤
ሌላው የዲኑን ሱሪ ሰርቆ ባንዲራ መስቀያ ላይ ያወጣል።
ሳቅን። ከትርጉሙ በፊት ሳቅን፤ ከሳቅን በኋላ ተረጎመ፤
«ሱሪው ነው» ሲል፣ እንደ አዲስ፤ አግዳሚው ሁሉ ሆዱን ታመመ።

ምግብ አዳራሽ ገቡ ደግሞ፤ በዳቦ መደባደብ ያዙ፤
ቁራሹ በአየር ይበራል፤ ሾርባው ይረጫል ከነወዙ።
ይሄኔ ጋሽ አጥናፍሰገድ፣ ገብሳቸውን ሸጠው የገቡት፣
ብድግ አሉ ከነዱላቸው፣ ልክ እንደ ሸንጎ፣ እንደ ችሎት፦
«እህል ነው፣ ኧረ ልጆች! ክቡር ነው! አንሡ የወደቀ!»
ቤቱ ወደ እሳቸው ዞሮ ከፊልሙ አብልጦ ሳቀ።
«ቀልድ ነው፣ ጋሼ፤ ይቀመጡ።» «ቀልዱስ ይሁን፤ ስንዴው ምን በደለ?»
ለዚህ እንግዳሰውም ትርጉም የለው፤ ዝም አለ።

እኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ፤ ከሴት እኔና ሐረገወይን ብቻ፤
ኮሌጅ ለኔ እስከዚያች ማታ የፈተና፣ የጭንቅ ዳርቻ፤
በጣት እየተጎተተ የሚነበብ የግድግዳ ላይ ዝርዝር፤
ስሙን ያጣ ግንባሩን አስደግፎ የሚቀርበት በር።
እዚያ ሊሳቅ እንደሚችል ማንም ነግሮኝ አያውቅም፤
ሳቄን እንደ ሰረቅሁት ዕቃ በሻሼ ብሸፍን አይደበቅም።

ቆይቶ ዲኑ ብቅ አለ፤ ሱሪውን አግኝቷል፤ ወረቀት ይዞ፣
ከንፈሩን ነክሶ ያነባል፣ ስም በስም መዝዞ፤
ወፍራሙ ልጅ አስነጠሰ፤ ቤቱ ፈነዳ በሳቅ፤
ዘንጉ ግን ወረደ፤ እንግዳሰው ባናውን ሳብ፣ ጠበቅ።
«ተርጉም እንጂ!» ከኋላ ጮኹ። «ሳንቲማችንን በላህ!» «ምን አለ?»
የቴሌቪዥኑ ሰማያዊ ፊቱ ላይ ወጣ፣ ወረደ፣ ተንቀለቀለ።

«አባረራቸው» አለ።

አንዲት ቃል። ዲኑ ሦስት ደቂቃ ለተናገረው።

ወዲያው ጄኔሬተሩ ሁለቴ አስሎ ጸጥ፤
ጨለማው እንደ ተፈታ ጆንያ ላያችን ላይ ግልብጥ።
ናፍታ አልቋል። ሐረገወይን ገንዘብ አትመልስ፤ ሕጓ የታወቀ፤
«መጨረሻውን ንገረን በቃ!» አለ ሰዉ፤ እሱም ድምፁን አሞቀ፦

«በመጨረሻ ደብዳቤ ይመጣል።
ማኅተም አለው። ዲኑ ተጸጽቶ ሌሊቱን ይቀመጣል።
'ተመለስ' ይላል፤ 'የላይብረሪ መታወቂያህ አልተቀደደም፤
ብሎክ ዘጠኝ፣ ክፍል አሥራ አራት፤ አልጋህ ለማንም አልተፈቀደም፤
መስኮቱ ጋ ነው፣ የላዩ፤ ፍራሹ በግራ በኩል ጎድጉዷል...'»

ማንም አልሳቀ።
ውርጩ ቆርቆሮውን ያንቋቋል።
ጋሽ አጥናፍሰገድ ብቻ «ተመስገን!» አሉ፤ ከልብ፤
በዳበሳ በሩን ፈልገው ወጡ።

ዘንድሮ ሙሉውን አየሁት።
ከደብረ ሲና ስመለስ፣ አውቶቡስ ውስጥ፣ በስልኬ፣
ጣርማ በርን ስንወጣ ጀምሮ።
ደብዳቤ የለም።
ልጆቹ በጭነት መኪና እየጮኹ ይሄዳሉ፤
ሣሩ እንደታጨደ ይቀራል።

ወደ ኋላ መልሼ የዲኑን ንግግር ከፈትኩ፤
ሦስቱንም ደቂቃ፤ እንግሊዝኛዬ አሁን ይበቃኛል።
ወፍራሙ ልጅ አስነጠሰ።
አጠገቤ የተቀመጠው ጎረምሳ ሳቀ፤
አንገቱን አስግጎ ወደ ስልኬ፣
«ምን አለ?» አለኝ።